ለ2071 የተመረጠው አማካይ

ነሐሴ 14 ቀን 2067 ዓ.ም. ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሸኪብ ዳቦ ቤት አንድ ዳቦ ገዛሁ። ሸኪብ ያን ቀን የጋገረው ሁለት መቶ አርባ ሦስት ዳቦ ነው፤ የሚሸጠውም ሁለት መቶ አርባ ሦስት ነው። የኔ አርባ አንደኛው ነው። ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ስልኬ ጮሆ ምክንያቴን ይጠይቀኝ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ የተረፈ ዳቦ ካየሁ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

የምሠራው ባቡር ጣቢያ ነው። የሥራ መደቤ «የመዘግየት መዝጋቢ» ይባላል። ሁሉን ነገር ቀድሞ የሚናገረው ትንበያ ከመጣ ወዲህ አንድም ባቡር ዘግይቶ አያውቅም፤ መደቡን የሚሰርዝ ሰው ስላልተገኘ ግን እኔ አለሁ። በየቀኑ መዝገቤን እከፍታለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከስሩ «የለም» ብዬ እፈርማለሁ። እስካሁን አራት ሺህ ያህል ጊዜ «የለም» ብያለሁ። የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ የጣቢያው አግዳሚ ወንበሮችም ተነቅለው ሄደዋል። አንዱን ብቻ ቢሮዬ ውስጥ አስገብቼ ደብቄዋለሁ፤ ለምን እንደደበቅኩት የጠየቀኝ የለም።

እግር ኳሱም እንዲሁ ነው። ጨዋታ የሚጀመረው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ ሜዳ ላይ አያስቆምም። ውጤቱ ሐሙስ ከሰዓት ይለጠፋል። ቅዳሜ ጠዋት ሄደን የተለጠፈው ሲፈጸም እናያለን፣ ሲፈጸምም በጨዋነት እናጨበጭባለን። ከአስር ዘጠኙ እንደተለጠፈው ያልቃል። እኔ የምሄደው ለአስረኛው ነው፤ ይህን ግን ጮክ ብዬ አልናገርም።

ክለቤ ደቻቱ ነው። ደቡብ ዳስ፣ አራተኛ ረድፍ፣ አስራ አንደኛ ወንበር ላይ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ያንን ወንበር ከባሌ በላይ አውቀዋለሁ፤ ባሌም ይህንን ያውቃል፣ ተስማምተን እንኖራለን።

በሊጉ ደንብ መሠረት በየዓመቱ አንድ የምልመላ ቀን አለ። አስራ ስድስቱ ክለቦች በዕጣ በወጣ ተራ እየተነሱ ከዝርዝሩ አንድ አንድ ተጫዋች ይወስዳሉ። በየክለቡ የሚወስኑት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ፣ አሰልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ ተንባዩ፣ አምስተኛው ደግሞ ከደጋፊዎች መካከል በዕጣ የሚወጣ ሰው። አምስተኛው ለምን እንደተጨመረ የሚያስታውስ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ብዙዎቹ እጃቸውን ሲያወጡ እሱም ያወጣል። በዚያ ዓመት ዕጣው ለኔ ወጣ፤ ለምልመላው ደግሞ የጣቢያችን አሮጌ የጭነት አዳራሽ ተመረጠ። እኔ ለራሴ ሻይ ለመጠጣት እንዳልመጣሁ አውቅ ነበር።

ደቻቱ የሚፈልገው ጨዋታ የሚያደራጅ አማካይ ነበር። ያለን አማካይ ጉልበቱ ግንቦት ላይ እንደሚያበቃ በታኅሣሥ ተነግሮት ግንቦት ላይ አበቃ። በዝርዝሩ ላይ ሁለት ዓይነት አማካይ አለ። አንዱ «የደረሰ» ይባላል፤ ዛሬ ወስደህ ቅዳሜ ታሰልፈዋለህ። ሌላው «ጥሬ» ነው፤ ዓመታት ታስተምረዋለህ፣ እየተሸነፍክ ትጠብቀዋለህ። በሊጉ ጥሬ ተጫዋች ከተወሰደ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር።

ፕሬዚዳንታችን አቶ ድሪባ ስለ ጥሬ መስማትም አይፈልጉም። ዓይናቸው በረከትአብ በሚባል የሃያ አራት ዓመት የደረሰ አማካይ ላይ ነው። ከሱ ጋር አስራ ሁለተኛ እንወጣለን፤ ያለ እሱ አስራ አምስተኛ። አስራ አምስተኛ ማለት መውረድ ነው። ደቻቱ ደግሞ በኔ ዕድሜ ወርዶ አያውቅም።

በዚያ ጠዋት ዳቦዬን በሻይ እየበላሁ ሳለ አንድ ረጅም ልጅ በቢሮዬ በር ብቅ አለ። አንድ ሰዓት ገና መሙላቱ ነው፣ ምልመላው የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

«የት ነው የሚጠበቀው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከሰማሁ አስራ አንድ ዓመት ስለሆነኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ አግዳሚውን አሳየሁትና ተቀመጠ። ጌሌ ሮብሌ እባላለሁ፣ ከሽንሌ ነኝ፣ ዝርዝሩ ላይ አለሁ አለኝ። ከሽንሌ በእግሩ ነው የመጣው።

«ባቡሩ እያለልህ?»

«ባቡሩ ልክ በሰዓቱ ነው የሚያደርሰኝ። እኔ ሰው ሳይሞላው ቦታውን ባየው ደስ ይለኛል።» ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንቺ የጣቢያው ኃላፊ ነሽ?» አለ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ ደስ አለኝ።

«የመዘግየት መዝጋቢ ነኝ። ዘርትሁን እባላለሁ።»

«የዘገየ አለ?»

«የለም።»

ሰሌዳዬን ከፍቼ ስሙን ፈለግኩ። ዝርዝሩ ሁለት መቶ ስም አለው፤ የሱ መቶ ዘጠና ስምንተኛ ላይ ነበር። «ጌሌ ሮብሌ፤ አማካይ፤ ዕድሜ ሃያ ሰባት፤ የተሳካ ቅብብል ስልሳ አንድ ከመቶ፤ ብስለት፦ የለም።» ከጎኑ ቀይ ነጥብ ነበረች። ሃያ ሰባት የሞላው ሰው በዚያ ቀን ካልተወሰደ ዳግመኛ ዝርዝሩ ላይ አይገባም። ለሱ የመጨረሻ ቀኑ ነው ማለት ነው።

ጌሌ እግሩን ሲዘረጋ ሱሪውን አየሁት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደረሰም። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ወርዷል፤ የድሮዎቹ እጥፋቶች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ይታያሉ።

«ይህን ሱሪ ማን ነው የሚያወርድልህ?»

«እናቴ ናት። ጥር ላይ አወረደችው፣ አሁን ደግሞ አጠረ። ከዚህ በኋላ የሚፈታ ጨርቅ የለም ትላለች።»

እኔ ሦስት ወንድ አሳድጌያለሁ። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሱሪ ወገቡ ላይ ሊጠበው ይችላል እንጂ በሰባት ወር ውስጥ ከታች አያጥረውም።

«መቼ ነው የተወለድከው?»

«ጳጉሜ ስድስት።»

«ጳጉሜ ስድስት እኮ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው።»

«ለዚህ ነዋ እስካሁን አራት ልደት ብቻ ያየሁት። ዘንድሮ አምስተኛው ነው።»

«በመካከል ባሉት ዓመታትስ?»

«እጠብቃለሁ» አለ፣ ምን ሌላ ይደረጋል በሚል ድምፅ።

ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባኝ፤ ጳጉሜን የምታውቅ ሰው ካለች እኔ ነኝ። ቅጾቻችን ሁሉ አስራ ሁለት ወር ነው የሚያውቁት። ባቡሮቻችንን በጳጉሜ ስመዘግብ ቅጹ አስራ ሦስተኛውን ወር አልቀበልም ስለሚለኝ በየዓመቱ ለእነዚያ አምስትና ስድስት ቀናት የተለየ ሰማያዊ ደብተር አለኝ፣ ከዚያም የጳጉሜ ማስተካከያ ቅጽ እሞላለሁ። የቸኮለ ጸሐፊ ግን ይህን አያደርግም። ቅጹን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይቀይርና ወሩን አስራ ሁለት ብሎ ያልፋል። ዓመቱን መቀየር ይረሳል። ጌሌ የተወለደው በኛ 2047 ነው። ቅጹ ላይ የፈረንጅ 2047 ሆኖ ገባ። በአንድ ጸሐፊ ችኮላ ስምንት ዓመት ተጨመረበት፤ ገና የሚያድግ ልጅ እድገቱን የጨረሰ ጎልማሳ ሆኖ ተተነበየ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ለጥቂት ደቂቃ ሌባ ሆኜ ነበር። የኛ ተራ ዘጠነኛ ነው። ስህተቱን አሁን ካስተካከልኩት አስራ ስድስቱም ክለብ በአንድ ጊዜ ያየዋል፤ ከፊታችን ያሉት ስምንቱ ደግሞ ከኛ የሚበልጡ ናቸው። ዝም ብል ግን ዘጠነኛው ተራ እስኪደርስ ማንም አይነካውም። አራቱን ሰዎች ማሳመን ብቻ ነው የሚቀረኝ። ካላሳመንኳቸው ልጁ እስከመጨረሻው ቀረ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይህን አሰብኩ፤ አፈርኩም።

«ጌሌ፣ ስማኝ» አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ያሰብኩትን ሌብነት ሳይቀር። «ዕድሜው ያንተ ነው። ምን ላድርግ?»

ብዙ አላሰበም። «ሃያ ሰባት ዓመቴ አይደለም። ይስተካከል።»

«ሌላ ክለብ ቢወስድህስ?»

«ይውሰደኛ። እናቴ የወለደችኝን ቀን እደብቃለሁ እንዴ?»

ቅጹን ሞላሁ፣ እሱ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መስመሩ ተቀየረ። «ጌሌ ሮብሌ፤ አማካይ፤ ዕድሜ አስራ ዘጠኝ፤ የተሳካ ቅብብል ስልሳ አንድ ከመቶ፤ ብስለት፦ 2071 መጨረሻ፤ እርግጠኝነት፦ ዘጠና አንድ ከመቶ።» ስሙ ከመቶ ዘጠና ስምንተኛ ወደ አራተኛ ወጣ።  በዚያ ዝርዝር ላይ ከሰማንያ አራት በላይ እርግጠኝነት ያለው ሌላ ሰው አልነበረም።

ወደ አዳራሹ ስገባ ጠረጴዛው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው። የኛ ተንባይ ኤፍራታ ሰሌዳዋ ላይ ተደፍታለች። ኤፍራታ ከአዲስ አበባ የመጣች ጎበዝ ልጅ ናት፣ ቁጥር ስታይ ፊቷ ይበራል።

«እትዬ ዘርትሁን፣ እርስዎ ነዎት ያስተካከሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እኮ የኛ ይሆን ነበር።»

«መዘግየት እመዘግባለሁ እንጂ አላዘገይም» አልኳት። 

የመጀመሪያው ክለብ ተነሳ። የደረሰ አጥቂ ወሰደ። ሁለተኛው የደረሰ ተከላካይ ወሰደ። ሦስተኛው አማካይ ፈላጊ ነበር፤ ጌሌን ሳይሆን የሃያ ስድስት ዓመት የደረሰ አማካይ ወሰደ። አራተኛው አለፈው። አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም፣ ሰባተኛውም አለፉት። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዎች ስሙን ያዩታል፣ «2071» የሚለውን ያነባሉ፣ ከዚያ ጣታቸው ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ስምንተኛው ክለብ ግብ ጠባቂ ወስዶ ሲቀመጥ ጌሌ ከኋላው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ በረከትአብም አለ፣ እሱም አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። እርግጠኝነቱ አልጎደለም። የጎደለው በአራት ዓመት ጊዜ ውስጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። እያንዳንዱ አሰልጣኝ የሚባረርበትን ወር ያውቃል፣ እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት የሚወርድበትን ቀን ያውቃል። ሌላ ሰው የሚበላውን ማን ይዘራል?

ለመወሰን ሃያ ደቂቃ ይሰጣል። አምስታችን በሩን ዘግተን ተቀመጥን።

«በረከትአብ» አሉ አቶ ድሪባ። «ተነጋግረን የጨረስነው ነው። አስራ ሁለተኛ እንወጣለን፣ ሕዝቡም ይደሰታል።»

«የበረከትአብ ጉልበት ለሁለት ዓመት ጤነኛ ነው» አለ ሐኪሙ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ሐኪማችን ሁልጊዜ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ነው።

ኤፍራታ ሰሌዳዋን ወደ መሀል ገፋችው። «ዘጠና አንድ ከመቶ። እኔ በሥራዬ ይህን ቁጥር አይቼው አላውቅም። ስምንት ክለቦች አይተውት አለፉት። ቁጥሩን የማናምነው ከሆነ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ቁጥሩንማ እናምነዋለን» አሉ አቶ ድሪባ፣ «የዘንድሮውንም ቁጥር እናምነዋለን። አስራ አምስተኛ። ወራጅ። ደቻቱን ያወረደ ፕሬዚዳንት ብለው ልጆቼን ሲጠቁሙባቸው እንድሰማ ነው የምትፈልጉት?»

አቶ ድሪባ ላይ አልፈርድም። የሚያስፈራ ነገር ነው። እኔም ደቻቱ ሲወርድ አይቼ አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም።

አሰልጣኛችን ሙራድ እስካሁን ሰሌዳው ላይ የጌሌን ጨዋታዎች እያየ ነበር። ሙራድ መጋቢት 10 ቀን እንደሚሰናበት ከተነገረው አራት ወር ሆኖታል። ሻንጣውን ከወዲሁ ገዝቷል፤ ቤቱንም ከመጋቢት 11 ጀምሮ አከራይቷል።

«ሙራድ፣ አንተ ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ኳሷን ሰው የሌለበት ይልካታል» አለ። «ለዚህ ነው ስልሳ አንድ ከመቶ የሆነው።» ሰሌዳውን ወደኔ አዞረው። ጌሌ ኳሷን ከመሀል ሜዳ ወደ ቀኝ ጥግ ላካት፤ እዚያ ማንም የለም፣ ኳሷ ወጣች። «ግን እዪው፣ እትዬ ዘርትሁን። ሰው መኖር የነበረበት ቦታ ነው። አጥቂው ሁለት እርምጃ ቀድሞ ቢነሳ ብቻውን ነበር። ይህን ማስተማር አይቻልም፤ ሌላውን ሁሉ ማስተማር ይቻላል። ኳስ መያዝ፣ ትከሻ መጠቀም፣ መቼ ቀለል አድርጎ መስጠት እንዳለበት… አራት ዓመት ይፈጃል። ትንበያው ትክክል ነው።»

«ስለዚህ?» አሉ አቶ ድሪባ።

«ስለዚህ አላውቅም። በረከትአብን ካመጣነው የኔ ቀን ከመጋቢት ወደ ግንቦት ይገፋል። ትናንት ነው ያየሁት።»

 የሰው ቀን ሲነሳ ዝም ይባላል፤ ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ሻይ ልጠጣ አልመጣሁም።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አልኩ። «በ2071 መጨረሻ የት ናችሁ? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ንገሩኝ።»

ሐኪሙ ጅቡቲ ነኝ አለ። ኤፍራታ በ2069 ወደ ሌላ ክለብ እንደምትሄድ ነገረችን። አቶ ድሪባ የሥራ ዘመናቸው በሁለት ዓመት ያበቃል፤ ከዚያ እርሻቸው ላይ ናቸው። የሙራድን ሻንጣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«እኔ ደቡብ ዳስ፣ አራተኛ ረድፍ፣ አስራ አንደኛ ወንበር ላይ ነኝ» አልኩ። «ከጎኔ አስራ ሁለተኛው ላይ መሐመድ የጎማ ጠጋኙ አለ፣ ከኋላዬ የነ ወይዘሮ አበራሽ ቤተሰብ አለ። ከ2071 በኋላም እዚያው ነን። ብንወርድም ታች ድረስ ተከትለን እንወርዳለን፤ እዚያም ወንበር አለ። አምስተኛውን ሰው በዕጣ የጨመሩት ለዚህ ይመስለኛል። እናንተ የምትመርጡት እናንተ እስካላችሁ ድረስ የሚሆን ሰው ነው። እኔ ቆይቼ የማየውን ነው የምመርጠው። ጌሌ።»

«ሕዝቡ እንዲህ የሚልሽ ይመስልሻል?» አሉ አቶ ድሪባ። «ስንወርድ አንቺን ነው የሚሰድብሽ።»

«ይስደበኝ። ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ የሚሰድቡኝን በስም አውቃቸዋለሁ፣ እችላቸዋለሁ።»

እጅ ወጣ። ለበረከትአብ ሁለት፣ ለጌሌ ሁለት። ሙራድ እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። እዚያው ተቀምጦ ያችን ጥግ የወጣች ኳስ እንደገና አያት፤ ከዚያ እንደገና።

«ለሁለት ወር ብዬ?» አለ ለራሱ። እጁን ለጌሌ አወጣ።

ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ነበር፤ ክፋት የሌለው፣ የአንድ ሰው ኮፍያ ሲወድቅ የሚሳቅ ዓይነት። ጌሌ እስከ ጠረጴዛችን ድረስ መጥቶ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ፣ የአቶ ድሪባንም። እሳቸው አልተቆጡም። «በል እንግዲህ ቶሎ ብስል» አሉት፤ እሱም «በ2071» አላቸው።

በማግስቱ ሸኪብ ዳቦዬን ሲያቀብለኝ በጌሌ ጉዳይ ያሾፍብኝ ጀመር። «እትዬ ዘርትሁን፣ ዕቃሽ ደረሰ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይለዋል። ጥቅምት ላይ አንድ ለዜሮ ስንሸነፍ አለ፣ ኅዳር ላይ ሦስት ለዜሮ ስንሸነፍ አለ። የጎማ ጠጋኙ መሐመድ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ ክንዳችን እየተነካካ ተቀምጠን ጨዋታ አየን። እኔ ሌሊቱን በደንብ ነበር የምተኛው። ሰው ሲሳሳትና ሲያውቅ ልዩነቱ እንቅልፍ ላይ ይታወቃል፤ እኔ አውቅ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ ጳጉሜ 6 ቀን፣ ለጌሌ ሱሪ ገዝቼለት ነበር፤ ጠርዙ ውስጥ አንድ ስንዝር የታጠፈ ጨርቅ ያለው። አምስተኛ ልደቱን ቢሮዬ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን በሁለት ዳቦ አከበርን። ሁለተኛውን ዳቦ ለማግኘት ሸኪብ ዘንድ ከአንድ ሳምንት በፊት ማስመዝገብ ነበረብኝ።

ሙራድ የተሰናበተው በተባለው ቀን፣ መጋቢት 10፣ ሐሙስ ነው። አስራ አምስተኛ ነበርን። አርብ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ መጣ። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ላይም ደረሰ። ሙራድ በሩ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ተሳፋሪው ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ። እሱ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቢሮዬ ተመለሰ።

«ምነው?» አልኩት።

«ነገ ጠዋት ጨዋታ አለ» አለ። «አይቼው ልሂድ።»

ስልኩ ወዲያው መጮህ ጀመረ። ምክንያቱን እየጠየቀው ነው። ሙራድ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ያን ሌሊት ቤቱ ተከራይ ስለገባበት እኛ ቤት አደረ፤ ባሌ ከሱ ጋር ስለ ድሮ ጨዋታ ሲያወራ አመሸ።

ለቅዳሜው የተለጠፈው ሁለት ለዜሮ መሸነፍ ነበር። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን። ጌሌ ሰባኛው ደቂቃ ላይ ገባ። ሦስት ኳስ ተነጠቀ፣ አንድ ጊዜ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ከኋላችን ያሉት በረጅሙ ተነፈሱ። ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ላይ ግን ኳሷን ከመሀል ሜዳ አንስቶ ወደ ቀኝ ጥግ ላካት፤ ማንም ወደሌለበት። አጥቂያችን ውጤቱን ሐሙስ አንብቦታልና እንደ ሌላው ቀን ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም። ሮጠ። ምን እንደገፋፋው አላውቅም፣ በኋላ ሲጠየቅም እሱም አላውቅም አለ። ኳሷ ላይ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ወጣች።

ሙራድ ከጎኔ ቆሟል። መሐመድም ቆሟል። ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም ግን ያችን ጥግ እያየ ነበር። 

«ሁለት እርምጃ» አለ መሐመድ ወደኔ ዞሮ።

«ሁለት እርምጃ» አልኩት።

ከጨዋታው በኋላ ጌሌ ወደ ሽንሌ ለመሄድ ጣቢያ መጣ፤ ሙራድም ሻንጣውን ይዞ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ትንሽ አጥሯል፤ የሚፈታ ጨርቅ ግን ገና አለው።

«በኔ ምክንያት ልትወርዱ ነው» አለ።

«እንወርዳለን» አልኩት። «አንተን ስንመርጥ አውቀን ነው። አሁን ቀና በል፣ ሥራዬን ልሥራ።»

መዝገቤን ከፈትኩ። አርብ ዕለት «አንድ ተሳፋሪ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ለአንድ ቀን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ከስሩ ቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን 2068 ዓ.ም. ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው ያዩ ነበር። «የሚጠበቅ፦ ጌሌ ሮብሌ፤ ከሽንሌ። የመድረሻ ቀን፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2071። ሁኔታ፦ በመንገድ ላይ» ብዬ ፈረምኩ።